ከሰርግ መልስ

እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። «ደኅና ነን» የምትለዋን ቃል ግን በዚህ ወር እንደ ሌላው ጊዜ በዋዛ የምንላት አልሆነችም። ምክንያቱን እናጫውታችሁ።

ረመዷን ሊገባ ሲል በሻዕባን ሰርግ እንደሚበዛ የታወቀ ነው። እኛም በአንዱ እሑድ የአንድ ዘመዳችን ልጅ ወሊማ ተጠርተን ከነልጆቻችን ሄድን። አዳራሹ ሰፊ ቢመስልም ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቶቹም በወፍራም መጋረጃ የተሸፈኑ ነበሩ። ሰዉ ሞልቶ ካበቃ በኋላ እንኳ ተጨማሪ ወንበር እየገባ ጉልበት ከጉልበት እስኪነካካ ተጠጋጋን። ዕጣኑ ይጨሳል፤ ድቤው ይመታል፤ መንዙማው ሲሞቅ ወጣቶቹ በሙሉ ድምፃቸው ይቀበላሉ። ደስ የሚል ሰርግ ነበር፤ ይህን መካድ አንሻም።

በእኛው ገበታ አንድ ጎልማሳ ዘመዳችን ተቀምጠው ነበር። አልፎ አልፎ በፎጣቸው አፋቸውን ሸፈን እያደረጉ ይስላሉ። ስንጠይቃቸው «ምንም አይደል፣ ብርድ መታኝ» አሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበርና ከወዲያኛው ገበታ አንዲት እናት፣ «እናንት ልጆች፣ ያንን በር ዝጉልን እንጂ! በላብ ላይ ነፋስ ሊመታን ነው!» ብለው ጮኹ። ተነሥተን በሩን የዘጋነው እኛ ነን። ይህን የምንጽፈው ደስ እያለን አይደለም።

ማታ ቤት ስንገባ እናታችን ሳይተኙ ጠበቁን። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ አስም አለባቸው፤ ስኳርም ከተገኘባቸው ቆይቷል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሰርጉ ላይ አልነበሩም። ልጆቹ እየተሻሙ ሳሟቸው፤ እኛም እጃቸውን ስመን የመጣላቸውን ምግብ አቀረብንላቸው፤ ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ እስከ እኩለ ሌሊት ስናወራ አመሸን።

ሰኞ ከመግሪብ በኋላ ስልክ ተደወለ። እኚያ ዘመዳችን ሌሊቱን ትኩሳት አጣድፏቸው ወደ ሐኪም ቤት ተወስደዋል፤ ሲመረመሩም ኮሮና ተገኝቶባቸዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን ኮሮናን እንደ ድሮ ታሪክ እያየነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ የድንገተኛ ጊዜ አዋጅ ማብቃቱን ያሳወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያበቃው ግን አዋጁ እንጂ ቫይረሱ አይደለም። ለብዙው ሰው እንደ ጉንፋን አልፎ የሚሄድ ሆኗል፤ አስምና ስኳር ላለባቸው አረጋዊት ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ስልኩን እንደዘጋን ሁላችንም ሳንነጋገር ዓይናችንን የጣልነው ወደ እናታችን ክፍል በር ነበር።

የዚያች ሌሊት ነገር አይነሣ። ምራቅ በዋጥን ቁጥር ጉሮሯችን ያመመን ይመስለናል። ግንባራችንን በእጃችን እንዳስሳለን፤ ትንሽ ቆይተን ደግሞ እንዳስሳለን። ሽታ እንዳልጠፋብን ለማረጋገጥ የቡና ቆርቆሮ ከፍተን አሸተትን። (ቡናው ሸተተ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም።) መጀመሪያ በሳሉት ሰውዬ ተናደድን፤ «ታሞ ሰርግ ይመጣል እንዴ?» አልን። ኋላ በሩን የዘጋነው ራሳችን መሆናችን ትዝ ሲለን ንዴቱ ወደ እኛ ዞረ።

እኛ ልጅ ሆነን በመድረሳ ፊቅሕ ስንማር ስለ ወስዋስ ተምረናል። ውዱእ አድርጎ የነበረ ሰው «ጠፍቶብኝ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር በጥርጣሬ ብቻ ሶላቱን አያቋርጥም፤ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስምና። ያን ሌሊት ይህን ትምህርት ለራሳችን ደገምነው። ዛሬ ጤነኞች መሆናችን እርግጥ ነው፤ መታመማችን ጥርጣሬ ነው፤ ስለዚህ እንተኛ አልን። ነገሩ ግን ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘነው። ሕጉ ለራሳችን ዕረፍት ይሰጠናል፤ እናታችን ክፍል ለመግባት ግን ፈቃድ አይሆነንም። ለምን ቢባል የዚህ ቫይረስ ተንኮል ያለው እዚያው «ጤነኛ ነኝ» በሚባልበት ሰዓት ላይ ነው።

ይህን በጥቂቱ እናብራራው። ቫይረሱ ወደ ሰው በገባ በዚያው ሰዓት ያ ሰው ለሌላው አያስተላልፍም። በአካሉ ውስጥ እስኪራባ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ሕመም የሚሰማው በአሁኖቹ የኮሮና ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን እስከ 14 ቀን የሚዘገይበትም ሰው አለ። ማስተላለፍ የሚጀምረው ግን ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው። ይኸውም ሰውየው በልቶ፣ ስቆ፣ ሥራው ሄዶ፣ «ደኅና ነኝ» ብሎ በሚውልበት ቀን ማለት ነው። ኢንፍሉዌንዛም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከ1 እስከ 4 ቀን ይቆይና አንድ ቀን ቀደም ብሎ መተላለፍ ይጀምራል። ኩፍኝ ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ይተላለፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተረዳን። አንደኛው የሚያጽናና ነው፤ እሑድ ማታ የእናታችንን እጅ ስንስም ገና የምንሰጠው ነገር አልነበረን ይሆናል። ሁለተኛው የሚያስቸኩል ነው፤ መጠንቀቅ ያለብን ጉሮሯችን ሲከረክር ሳይሆን አሁኑኑ፣ ሰኞ ሌሊት ነው።

ለመሆኑ ከአንድ ሰው ሳል ተነሥቶ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ እንዴት ይሠጋል? እዚህ ላይ የሰርጉን ዕጣን አስታውሱልን። ማጨሻው የነበረው ከሙሽሮቹ አጠገብ ነው። መጀመሪያ የሸተታቸው ሚዜዎቹን ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን በአዳራሹ ጥግ የተቀመጡት ሰዎች ልብስ ሁሉ ዕጣን ዕጣን አለ። የሰው ትንፋሽም እንደዚሁ ነው። ስንተነፍስ፣ ስንናገር፣ ይልቁንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናዜም ከአፋችን ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ አንድ ሁለት ሜትር ሳይርቁ ይወድቃሉ። ደቃቆቹ ግን እንደ ጭሱ ይንሳፈፋሉ፤ ቤቱ ከተዘጋ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይቆያሉ። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ክፍሉን ለቆ ከሄደ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል። በሩ ሲከፈት ጭሱ እንደሚሳሳ ሁሉ ትንፋሹም ይሳሳል። ሲዘጋ ሁሉም ሰው ያንኑ አየር እየተቀባበለ ይስበዋል።

መንዙማው ሞቆ በነበረበት ቤት መሆናችን ደግሞ አንድ የታወቀ ነገር አስታወሰን። በአሜሪካ ዋሽንግተን በተባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ማውንት ቨርነን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንድ የመዘምራን ቡድን እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 ማታ ለልምምድ ተሰበሰበ። ሰዎቹ 61 ነበሩ፤ የቆዩትም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንዱ ጉንፋን ነገር ነበረበት። ከዚያ በኋላ 32ቱ በምርመራ ተረጋግጦ፣ 20ዎቹ ደግሞ በምልክታቸው፣ በጠቅላላው 52 ሰዎች ታመው ተገኙ፤ ሁለቱ ሞቱ። ይህ ክስተት በኋላ በሽታው በአየር ስለመተላለፉ ሲነገር አዘውትሮ የሚጠቀስ ሆኗል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ፤ ከሁሉ የከነከነን እሱ ነውና። በእኛ አገር ነፋስ የተፈራውን ያህል ምን የተፈራ አለ? ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ወዮለት! «ዝጋው፣ ሕፃን ይዣለሁ» ይባላል። ወላድ በነፋስ ትጠበቃለች፤ ሕመምተኛ ሊጠየቅ የሄደ ሰው በር እንዳይከፍት ይለመናል። ራሳችንን ያመመን እንደሆነ «ምች ነው»፣ ጀርባችንን የወጋን እንደሆነ «ብርድ ነው» እንላለን። ወላጆቻችን ይህን ያሉት ያለ ምክንያት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ጉንፋን በብርድ ወራት መብዛቱ እውነት ነውና። ይሁን እንጂ ብርዱ ሲመጣ የምናደርገውን ደግሞ እንመልከት። በር ዘግተን፣ መስኮት ጠርቅመን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀን እንቀመጣለን። በመስኮት ይገባል ብለን የፈራነው በሽታ በመስኮት መውጫ አጥቶ ከእኛው ጋር ተቀምጦ ያመሻል። በጤና ጣቢያ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሲመከር መስኮት ክፈቱ መባሉ ኮሮና ከመምጣቱ በፊትም የነበረ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ታክሲዎች በግማሽ ሰው እንዲጭኑ ሲታዘዙ መስኮት የመክፈቱም ነገር በየቀኑ ይነገረን ነበር። ወረርሽኙ ጋብ ሲል መጀመሪያ የተዘጋው መስኮቱ ነው።

እኛም ሰኞ ሌሊቱን የቤታችንን መስኮት ከፈትን። የእናታችንን ምግብ ከእኛ ሳይደርስ ቀድመን እየለየን፣ ማስክ አድርገን በር ላይ እያኖርን ልንወጣ ወሰንን። ልጆቹ አያታቸው ክፍል እንዳይገቡ ተነገራቸው። ከዚህ ሁሉ የከበደን ለእናታችን መንገሩ ነበር። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እና ልጆቼ ሲስሙኝ ልሙት እንጂ ሳይስሙኝ ልኑር?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዝም ብለን ወጣን።

ማክሰኞ ምክሩ ጎረፈ። አንዷ ጎረቤታችን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር አፍልታ አመጣችልን፤ ጠጣነው፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ቫይረስ ግን እንዳይዝ አይከለክልም። ሌላው ወንድማችን «አሞክሳሲሊን ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ለልጆቹም ስጡ» አለን። ይህችን ግን አልተቀበልናትም፤ እናንተም እንዳትቀበሏት እንማጸናለን። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ቫይረስን አይነኩም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው ሲዋጡ ግን ባክቴሪያዎቹ እየተለማመዷቸው በእውነት በሚያስፈልጉበት ቀን ሳይሠሩ ይቀራሉ። ይልቅ የሚጠቅመው እንደ እናታችን ያሉ ሰዎች ትኩሳት ወይም ማፈን ገና ሲጀምራቸው «ነገ ይሻለኛል» ሳይሉ ሐኪም ዘንድ መድረሳቸው ነው።

ከባዱ ፈተና ግን ሐሙስ ላይ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ወልዳ ሐሙስ የሕፃኑ ዐቂቃ ነው። ይህች እህታችን እኛ ስንወልድ ያልሆነችልን የለም። ቀኑ ደግሞ ከሰርጉ አራተኛው ነው፤ ይኸውም ተይዘን ከሆነ ከሁሉ ይልቅ የምናስተላልፍበት ጊዜ። ረቡዕ ጧት ታናሹ ልጃችን «ጉሮሮዬን» ብሎ ተነሣ። ምንም ሳንዘገይ ወስደን አስመረመርነው፤ ነፃ ነው ተባለ። ቤት ስንደርስ «በቃ ነፃ ነው ተብሏል፣ ዐቂቃው ላይ እንሂድ» የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሣ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ገና በሦስተኛው ቀን የተደረገ ምርመራ ቫይረሱን ሊስተው ይችላል፤ ነፃ የተባለውም የአንዱ ልጅ እንጂ የሁላችንም አልነበረም። ሰባት ቀን የሆነው ሕፃን ላይ ይህን ጥርጣሬ ይዘን መግባት አልሆንልን አለ። ስልክ ደውለን እውነቱን ነገርናት። ዝም አለች። ቆይታም «እሺ፣ ስጋችሁን እልክላችኋለሁ» ብላ ዘጋችው። ድምፅዋ አልተመቸንም።

ያን ማታ ታላቅ አጎታችን ደወሉ። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ተወኩል የት ገባ? የተጻፈ አይቀርም!» አሉን። ለአጎታችን ያልነውን ለእናንተም እንንገራችሁ።

ጊዜው 18ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለች ስፍራ ሲደርሱ (የእኛን ሰርግ አትበሉ፣ የቦታ ስም ነው) በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ ከዚያም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩና ለመመለስ ቆረጡ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንምን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መለሱላቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ከዚያም እንዳይወጣ ማዘዛቸውን መሠከሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ «አትግቡ» የሚለው ለራስ ነው፤ «አትውጡ» የሚለው ግን ለሌላው ነው። እዚያ ያለው ሰው ገና አልታመመም ይሆናል፤ ሆኖም እንዲቆይ ታዘዘ። አቡ ዑበይዳም በዚያው ወረርሽኝ ሻም ውስጥ ሞቱ፤ አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው።

ሌላም አለ። ታላቁ የሐዲስ ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን በወረርሽኝ ያጡ ሰው ናቸው፤ ስለ ወረርሽኝም ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በ833 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1430) በካይሮ በሽታው ሲጀምር በቀን የሚሞተው ሰው ከ40 ያነሰ እንደነበረ ይናገራሉ። ሕዝቡ ጾሞ፣ ተሰብስቦ ወደ በረሃ ወጣ፤ ዱዓ አድርጎም ተመለሰ። ወሩ ሳያልቅ የሟቹ ቁጥር በቀን ከ1,000 በለጠ። (የዚያ ዘመን ወረርሽኝ በአብዛኛው በቁንጫ የሚተላለፍ ስለነበር ጭማሪው ሁሉ በመሰብሰባቸው የመጣ ነው አንልም። ሊቁ ግን ያዩትን ሳይደብቁ ጻፉት።) እኛስ ብንሆን የ1441 ሂጅራን ረመዷን፣ ማለትም የ2012ቱን ሚያዝያና ግንቦት፣ ተራዊሕ በየቤታችን ሰግደን አላሳለፍነውምን? ያኔ ተወኩል ጎደላችሁ ያለን አልነበረም።

አጎታችን ይህን ሁሉ ሰምተው «እሱስ እውነታችሁን ነው፤ ግን ሰው ምን ይላል?» አሉ። እኛም ያስፈራን እሱ ነበር።

ቀኖቹ አለፉ። ከገበታችን ስምንት ሰዎች ሦስቱ ታመሙ፤ አንዲቷ ከበሩ አጠገብ የነበሩት፣ ዝጉልን ያሉት እናት ጎረቤት ነች። በሳሉት ዘመዳችን ጎን ለጎን የተቀመጥነው እኛ ሳንያዝ ቀረን። ለምን እንደሆነ አላህ ያውቃል። የልጃችን ጉሮሮ በሁለተኛው ቀን ዳነ፤ በስድስተኛው ቀን ሁላችንም ተመርምረን ነፃ ተባልን። እስከ ዐሥረኛው ቀን ግን እናታችን ፊት ማስካችንን አላወለቅንም። በዐሥራ አንደኛው ልጆቹ በር ከፍተው ሲገቡባቸው እናታችን እንደ ተቆጣ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ ትንሹ ከጀርባቸው ዞሮ ሲስማቸው ነው ሳቅ ያመለጣቸው።

ሕፃኑን ያየነው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። እናቱ መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብላ ተቀበለችን። ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ፣ በዐቂቃው ዕለት አንዲት እንግዳ እየሳለች መጥታ ሕፃኑን ታቅፋ እንደዋለች፣ እሷም ማሳጣት መስሎባት ዝም ማለቷን፣ ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ሌሊቱን ትንፋሹን ስታዳምጥ ማደሯን ነገረችን። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ ወፍሯል።

በተራዊሕ የመጀመሪያዋ ሌሊት መስጊዱ ሞልቶ ነበር። እኛ በግድግዳው በኩል ካለው መስኮት ሥር ቦታ አገኘንና ከፈት አደረግነው። ኢማሙ ተክቢራ ሊሉ ሲሉ ከኋላ አንድ አባት «ኧረ ልጆች፣ መስኮቱን!» አሉ። ዞር ብለን «አባባ፣ በእኛ በኩል ነው የሚነፍሰው፤ እርስዎን አይነካዎትም» አልናቸው። ጥቂት አጉረመረሙ፤ ከዚያም ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናነቡና ሰፉን ሞሉ።